የአንጀት ከረጢት ከተሠራ በኋላ፦ ተቅማጥንና ጥድፊያን በመድኃኒት የመቆጣጠር መመሪያ

ትልቁ አንጀቱ ወጥቶ በትንሹ አንጀት ጫፍ ከረጢት የተሠራለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐሳቡ ሁሉ መጸዳጃ ቤት ነው፤ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚያስነሣው። መድኃኒት አለው፤ አብዛኛውም የቆየና ውድ ያልሆነ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው ክኒኑን የሚውጠው ከተጣደፈ በኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ነው። ያ ክኒን ላለፈው ጥድፊያ አይደርስም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከመድኃኒቶቹ ስም ይልቅ ስለ ሰዓታቸውና ስለ ቅደም ተከተላቸው ብዙ እላለሁ።

ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚሠራው ለሁለት በሽታዎች ነው። አንዱ በመድኃኒት አልመለስ ያለ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ማለትም አልሰረቲቭ ኮላይተስ ነው። ሌላው በዘር የሚወረስ፣ ትልቁን አንጀት በእባጭ ሞልቶ ወደ ካንሰር የሚያመራ የፖሊፕ በሽታ ነው። ቀዶ ሐኪሞቹ አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ በለንደን ሴንት ማርክስ ሆስፒታል የሠሩትን ይህን ቀዶ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1978 አሳወቁ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራውንና ጄ-ፓውች የሚባለውን ቅርጽ ደግሞ ጃፓናዊው ጆጂ ኡትሱኖሚያ በ1980 አስተዋወቀ።

ውኃና ጨው መጥጦ ሰገራን የሚያወፍረው ትልቁ አንጀት ነበር። እሱ ከሌለ ወደ ከረጢቱ የሚደርሰው ቀጭን ነው፤ ከረጢቱ ሰፋ ብሎ መያዝን እስኪለምድ ከ6 እስከ 12 ወር ይፈጅበታል። ከለመደም በኋላ በቀን ከ4 እስከ 8 ጊዜ፣ በሌሊት ደግሞ 1 ወይም 2 ጊዜ መቀመጥ የተለመደ ነው። እንደ ድሮው በቀን አንዴ ብቻ እንዲሆን የሚመኝ ሰው መድኃኒት ሲያበዛ ይኖራል። የሚፈለገው ጥድፊያ ሲመጣ መያዝ መቻል፣ ሌሊት መተኛት፣ ልብስ ሳይበላሽ ውሎ መግባት ነው።

1. ክኒን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ሳምንት ይመዝግቡ

ትንሽ ደብተር ይበቃል። በተቀመጡ ቁጥር ሰዓቱን፣ ውፍረቱን፣ ብዛቱን፣ ጥድፊያ መኖር አለመኖሩን፣ ከዚያ በፊት የበሉትንና የወሰዱትን መድኃኒት ይጻፉ። አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል (ሎፔራሚድ በ4ኛው ደረጃ የምናየው፣ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት ነው)፦ «ማታ 4፡10፤ ቀጭን፣ ብዙ፣ አጣደፈኝ፤ እራት 2፡30 ምስር በበርበሬ፤ ሎፔራሚድ አልወሰድኩም።» ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ሆዴ አልተስተካከለም» ከማለት ይልቅ እንዲህ ያሉ ሠላሳ መስመሮች ማሳየት መድኃኒቱን በትክክል ለማዘዝ ይረዳል።

ለውፍረቱ መለኪያ ካስፈለገ፣ የሚፈለገው ከአጥሚት የወፈረ፣ ገንፎ ግን ያልደረሰ ነው። ከዚያ የቀጠነ ያጣድፋል፤ ከዚያ የጠነከረ ደግሞ ከከረጢቱ ለመውጣት ያስቸግራል።

2. ምክንያቱን ይለዩ

ብዙ ጊዜ መቀመጥ ሁሉ ተቅማጥ አይደለም፤ ተቅማጥም ሁሉ በሚያቆም መድኃኒት አይያዝም። ደብተርዎን ይዘው እነዚህን ይመርምሩ።

ሰገራው ቀጭን ሆኖ በየጊዜው በርከት ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ትኩሳት፣ ደምና የሆድ ሕመም ከሌለ፣ ከምግብ በኋላም የሚብስ ከሆነ፣ ይህ የከረጢቱ የዕለት ተዕለት ጠባይ ነው። የሚያወፍሩና የሚያዘገዩ መድኃኒቶች የተሠሩት ለዚህ ነው።

በተቀመጡ ቁጥር የሚወጣው ጥቂት ከሆነ፣ ማማጥ ካለበት፣ ከተነሡ በኋላም «አላለቀልኝም» የሚል ስሜት ከቀረ፣ ከረጢቱ ከፊንጢጣ ጋር የተሰፋበት ቦታ ጠብቦ ሊሆን ይችላል። ይህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው። ሐኪሙ በጣቱ መርምሮ ያውቀዋል፣ በማስፋትም ያክመዋል። ሎፔራሚድ እዚህ ላይ ነገሩን ያባብሳል። ሰው በቀን 15 ጊዜ ሲመላለስ «ተቅማጥ ነው» ብሎ የሚያቆም መድኃኒት ሲጨምር፣ ከረጢቱ ደግሞ ሞልቶ ሲቀመጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ለሳምንታት ተስተካክሎ የቆየ ሆድ በድንገት ቢዛባ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት፣ ድካም፣ ደም ወይም ሌሊት ሳያውቁ ማምለጥ ቢጨመርበት፣ ከረጢቱ ተቆጥቷል ብለው ይጠርጥሩ። የእሱ ሕክምና በ6ኛው ደረጃ ላይ አለ።

ሆድ ተነፍቶ፣ ቁርጠቱ እየመጣ እየሄደ፣ ማስመለስ ኖሮ፣ ሰገራና ጋዝ ከቆመ ደግሞ የአንጀት መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ክኒንም ምግብም ሳይሞክሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

3. መጀመሪያ ማወፈር

ነጭ ሩዝ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ ፓስታና የኦቾሎኒ ቅቤ ሰገራን ያወፍራሉ፤ በየምግቡ አንዱን ማስገባት ለብዙዎች ከአንድ ክኒን የማይተናነስ ጥቅም አለው። ቡና ያፋጥናል። በርበሬና ሚጥሚጣ ሲገቡ ይጣፍጣሉ፣ ሲወጡ ያቃጥላሉ፤ ከረጢት ያለው ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ጋዝ ያበዛሉ። የጤፍ እንጀራን በደፈናው አልከለክልም። ጥቂት ይጀምሩ፣ በደንብ ያላምጡ፣ ደብተሩን ይዩ። እራት ከመኝታ በፊት 3 ሰዓት ያህል ቀደም ቢል ሌሊቱ ይቀልላል።

ከመድኃኒት ወገን የሚያወፍረው የኢስፓጉላ ወይም የሲሊየም ገለባ ዱቄት ነው፤ በአሜሪካ በሜታሙሲል ስም ይታወቃል። ድርቀት ላለበት ሰው በብዙ ውኃ የሚሰጠው ያው ዱቄት፣ ከረጢት ላለው ሰው በተቃራኒው ትርፉን ውኃ መጥጦ ያወፍራል። በቀን በአንድ የሻይ ማንኪያ ከምግብ ጋር ይጀምሩ፤ በየ3 ወይም 4 ቀኑ እንጂ በየቀኑ አይጨምሩ። በደረቁ ፈጽሞ አይዋጥም፣ ጉሮሮ ላይ አብጦ ያንቃል። ሌሎች መድኃኒቶችን ከእሱ ቢያንስ በ2 ሰዓት ያርቁ። አንዳንዱን ሰው በጋዝ ይነፋዋል፤ በሁለት ሳምንት ካልተሻለዎት ይተዉት፣ ሌላ መንገድ አለ። የመጥበብ ወይም የመዘጋት ታሪክ ያለው ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምረው።

4. ሎፔራሚድ፦ ከምግብ በፊት

ኢሞዲየም በሚለው የንግድ ስምም የሚታወቀው ሎፔራሚድ የዚህ ሕክምና ምሰሶ ነው። የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል፤ ውኃው ለመመጠጥ ጊዜ ያገኛል፤ የፊንጢጣን ጡንቻም በመጠኑ ያጠነክራል። በታዘዘው መጠን ወደ አንጎል አይዘልቅም፤ ስለዚህ በተለመደው መጠን እንደ ሌሎቹ የኦፒየም ዘመዶች ሱስ አያስይዝም። ቀዶ ሐኪምዎ ጀምሩ ካለዎት በኋላ ለዓመታት ሊወሰድ ይችላል።

ካፕሱሉ ከተዋጠ በኋላ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ለመድረስ 5 ሰዓት ያህል፣ ፈሳሹ ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስድበታል። አንጀት ደግሞ በጣም የሚነቃቃው ምግብ ሲገባ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሲያገናኙ አወሳሰዱ ግልጽ ይሆናል፦ ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት፣ ለሌሊቱ ደግሞ ከመኝታ በፊት።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ቁርሱን ጠዋት 1 ሰዓት የሚበላ ሰው 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ባለ 2 ሚሊ ግራም ካፕሱል ይውጣል። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ከሆነ 6 ሰዓት ላይ ሁለተኛውን፣ እራት 1 ሰዓት ከሆነ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛውን፣ ሊተኛ ሲል አራተኛውን። ይህ በቀን 8 ሚሊ ግራም ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ለሚገዛ ሰው የተቀመጠው ጣሪያም ይኸው ነው። በሐኪም ትእዛዝ እስከ 16 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ከዚያ በላይ መሄድ የልብን ምት ያዛባል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለዚህ በይፋ አስጠንቅቋል። እንደ ክላሪትሮማይሲን፣ ኬቶኮናዞልና ሪቶናቪር ያሉ መድኃኒቶች የሎፔራሚድን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያንሩ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ለፋርማሲስቱ ይንገሩ።

ሁሉም ሰው አራቱንም ጊዜ አያስፈልገውም። የሚያስቸግርዎ ሌሊቱ ብቻ ከሆነ ከእራት በፊትና ከመኝታ በፊት ያለውን ብቻ ይሞክሩ። መጠኑን በለወጡ ቁጥር 3 ቀን ይጠብቁ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አይለውጡ። ዛሬ ካፕሱል ጨምረው፣ ሲሊየም ጀምረው፣ ቡናም ካቆሙ የትኛው እንደጠቀመዎ በምንም አያውቁም። ሰገራው ከጠነከረና ሆድ ከተነፋ አንድ ካፕሱል ይቀንሱ። ካፕሱሉ ሳይሟሟ ሲወጣ ካዩ ፈሳሹን ወይም በአፍ ውስጥ የሚቀልጠውን ይጠይቁ።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልጨምር። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ አንዴ ብዙ የሚበላ ሰው ከረጢቱን በአንድ ጊዜ ይሞላዋል፤ ውኃ ሳይጠጣ መዋሉም ይጎዳዋል። በረመዳንም ነገሩ ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከንስሐ አባት ወይም ከሃይማኖት መምህር ጋር መነጋገር ከሕክምናው እንደ አንዱ ይቆጠር። የሚጾም ሰው ግን መድኃኒቱን በሚበላበት ሰዓት ዙሪያ ማስተካከል እንጂ መተው አይገባውም።

5. ሎፔራሚድ ካልበቃ

ሁለተኛው አማራጭ ዳይፈኖክሲሌት ከአትሮፒን ጋር የተደባለቀበት ሎሞቲል ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን አትሮፒኑ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ያዘገያል፣ ግላኮማ ላለበት ሰውም አይሆንም። የሐሞት አሲድ ያልተመጠጠበት፣ የሚያቃጥልና ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ላለው ሰው ኮሌስታይራሚን ይታዘዛል። በ4 ግራም ፓኬት የሚመጣ ዱቄት ነው፤ ሌላውን መድኃኒት ሁሉ ስለሚይዝ፣ ሌሎቹ ከእሱ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ መወሰድ አለባቸው። ለቁርጠት ቡስኮፓን ይረዳል፤ ተቅማጡን ግን አይይዝም።

ኮዴይን ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በአውሮፓ አንዳንድ ሐኪሞች ሎፔራሚድ ሲያንስ ከ15 እስከ 60 ሚሊ ግራም ኮዴይን ያዛሉ። ኮዴይን ራሱ ደካማ ነው፤ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ብዙ ቅጂ አለው፤ ኮዴይኑን በፍጥነትና በብዛት ሞርፊን ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ የተባዛ ጂን እንዳላቸው አሳይቷል፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያንሳል። ስቶክሆልም ወይም ለንደን ያለ ሐኪም በአገሩ ልማድ ያዘዘው ተራ መጠን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ከባድ እንቅልፍ፣ ግራ መጋባትና የትንፋሽ መዳከም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ኮዴይን ከታዘዘልዎ «ኢትዮጵያውያን ውስጥ የሲዋይፒ2ዲ6 ጂን መባዛት በብዛት ይታያል፤ ሌላ አማራጭ የለም?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ማለት ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ በዕድሜ የገፉትንም ወላጆች ወክሎ ልጅ ሊጠይቅላቸው ይገባል። የሚያጠባ እናት ጨርሶ አትወስደው፤ ሞርፊኑ በወተቷ ለሕፃኑ ይተላለፋል። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ሌላ የባሕረ ሰላጤው አገር የሚጓዝ ሰው ደግሞ ኮዴይን ቁጥጥር የሚደረግበት መሆኑን ይወቅ፤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ በሻንጣ መያዝ ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

6. ከረጢቱ ሲቆጣ

አልሰረቲቭ ኮላይተስ ከነበረባቸው ሰዎች መካከል እስከ ግማሽ የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ የከረጢት መቆጣት ያገኛቸዋል፤ በፖሊፕ በሽታ ምክንያት የተሠራላቸውን ግን ከዚህ ባነሰ መጠን ነው የሚይዛቸው። ሐኪሙ በካሜራ ከረጢቱን አይቶ፣ ቁራጭ ሥጋ ወስዶ ያረጋግጣል። በአገር ቤት ሌላ ጣጣ አለ፦ የሰገራ ምርመራ ሲደረግ «አሜባ ነው» ብሎ መሸኘት ተለምዷል። አሜባና ጃርዲያም ሊኖሩ ስለሚችሉ ምርመራው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከረጢት እንዳለዎ በመጀመሪያ ይናገሩ፤ ካልተናገሩ መርማሪው በምን ያውቃል? በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደው ከነበረ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያም ይመርመር።

የተለመደው ሕክምና ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ14 ቀን ነው፤ ሜትሮኒዳዞልም በአንዳንዱ ሐኪም ይመረጣል። ሲፕሮን ብዙ ሰው ይችለዋል። ሆኖም በወተት ወይም በእርጎ ብቻ አይዋጥም፤ ካልሲየሙ ይይዘዋል። የብረት ክኒንና የጨጓራ አሲድ ማብረጃ ሲፕሮው ከተዋጠ ከ2 ሰዓት በኋላ፣ ወይም ከመዋጡ 6 ሰዓት በፊት ይወሰዱ። የቁርጭምጭሚት ወይም የተረከዝ ጅማት ካመመዎ ወዲያውኑ አቁመው ይደውሉ። ፍላጅል በሚለው ስሙ የሚታወቀው ሜትሮኒዳዞል አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ ሲራዘም እጅና እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል። ከእሱ ጋር ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ የሚባል ነገር የለም፤ ካቆሙ በኋላም 3 ቀን ይታገሡ።

ሁለት ቀን ወስዶ ሲሻለው የሚያቆም፣ ሲብስበት ከሳጥን የተረፈውን የሚውጥ ሰው መድኃኒቱ በኋላ እምቢ ይለዋል። በመድኃኒት ቤት መስኮት ያለ ማዘዣ መግዛት መቻሉ መብት አያደርገውም። በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ የሚመለስ ወይም ለአንቲባዮቲክ የማይመለስ መቆጣት ካለ፣ በከረጢቱ ላይ የሚሠራው ቡዴሶኒድ ወይም በደም ሥር የሚሰጠው ቬዶሊዙማብ አለ፤ ሁለተኛውን አውሮፓ ለዚሁ በሽታ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከረጢቱ ደህና ሆኖ ከፊንጢጣ በላይ የቀረችው ቀለበት ብቻ ከተቆጣች ደግሞ በፊንጢጣ የሚገባ ሜሳላዚን በቂ ይሆናል።

ትኩሳትና ደም ባለበት ጊዜ ሎፔራሚድን ይተዉ፤ ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ያቆየዋል።

7. ውኃ፣ ጨውና ቆዳ

ባዶ ውኃ ብቻ በብዛት መጠጣት ጨውን አጥቦ ያወጣል። ሽንትዎ ጠቆር ካለ፣ ሲነሡ ካዞረዎት ወይም ቁርጭምጭሚትና ባት ከተሸማቀቀ፣ ኦአርኤስ አንድ ፓኬት በላዩ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቀስ በቀስ ይጠጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉ። ለስላሳ መጠጥና ጭማቂ ስኳራቸው ውኃን ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያባብሳሉ።

ከተቀመጡ በኋላ በለብ ያለ ውኃ ይታጠቡ፣ አይፈትጉ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይንኩት፣ ከዚያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። ሽታ ያለው ሳሙና አያስፈልግም። በየዓመቱ የደም ማነስን፣ ቫይታሚን ቢ12ንና ቫይታሚን ዲን ያስመርምሩ፤ ቢ12 የሚመጠጠው ከረጢቱ በተሠራበት በትንሹ አንጀት ጫፍ ነው።

8. ከቤት የሚርቁትና በኪስ የሚያዘው

አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የመሰሏቸው የሕመም ማስታገሻዎች ከከረጢት መቆጣት ጋር ተያይዘዋል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣው አድቪል በየቤቱ መሳቢያ አለ፤ ራስ ምታት ሲነሣ እጅ የሚዘረጋው ወደ እሱ ነው። በምትኩ ፓራሲታሞል ይውሰዱ። ስናመኪ፣ ኮሶ፣ እንቆቆና ሆድ ያጸዳል የሚባል ነገር ሁሉ ይቅር፤ ከረጢት ላለው ሰው ሆድ ማጽዳት ማለት ውኃና ጨው መጨረስ ነው። ተልባም ያፋጥናል፤ ለድርቀት የሚጠጣበት ምክንያት ያው ነው።

በመጨረሻ አንድ ካርድ ይጻፉና ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙት፤ የሚኖሩበት አገር ቋንቋ ሌላ ከሆነ በዚያም ቋንቋ ያጽፉት። ይህ ይበቃል፦ «ትልቁ አንጀት ወጥቶ ጄ-ፓውች ተሠርቶልኛል። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ዓመት። የምወስዳቸው መድኃኒቶችና መጠናቸው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይሰጡኝ። ከኮዴይን በፊት ይጠይቁኝ። ተቅማጥ ከትኩሳት ወይም ከደም ጋር ካለብኝ ከረጢቱ ይመርመር።» ከካርዱ ጀርባ የቀዶ ሐኪሙን ስልክ ያስፍሩ።